«በሳምንት» እና «ለሳምንት»፦ ስለ አንድ ክኒን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘው የሜቶትሬክሴት ክኒን አወሳሰድ ሕሙማን በሚረዱት ቋንቋ እንዲጻፍ፣ ጽሑፉም ከመታተሙ በፊት በሕሙማን እንዲነበብ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በጸሐፊነት ሠርቻለሁ፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም አብሮኝ ይኖራል። አማርኛችን ለሁለት ሙያ አንድ ስም ሰጥቶ፣ የአለቃዋን ደብዳቤ የምትመታውንም የራሷን ሐሳብ የምታሳትመውንም «ጸሐፊ» ይላታል። እኔ ከመጀመሪያው ጸሐፊነት በሕመም ተሰናብቼ ወደ ሁለተኛው የገባሁ ሴት ስሆን፣ ዛሬ ለመሥሪያ ቤቶቻችሁ የማመለክተው ሁለቱም ሙያዎች ያስተማሩኝን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በመድኃኒት ዕቃ ላይ በችኮላ የምትጻፍ አንዲት ፊደል የሰው ሕይወት ልታሳጣ መቻሏን ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በኅዳር ወር ነበር። ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፤ የሸሚዜን ቁልፍ ለመቆለፍ ልጄን እጠራለሁ፤ ረፋድ ላይ ግን እየተፍታቱ ስለሚሄዱ ቢሮ ደርሼ የሚያየኝ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ ያስባል። እናቴ «ብርድ ነው» አለችኝ፤ ወሩም ኅዳር ስለነበር አመንኋት። ጎረቤት «ቁርጥማት ነው» አለ። በሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ደግሞ «ሪህ ነው» ብሎ የዩሪክ አሲድ ምርመራ አዘዘልኝና ሥጋ እንድተው መከረኝ፤ ውጤቱ ጤናማ ሆኖ ቢመጣም ምክሩ አልተነሣም፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥጋ ታቅቤ እጄ ማበጡን ቀጠለ። ሪህ የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው፤ በዩሪክ አሲድ መብዛት የሚመጣውን፣ በእርጅና የሚመጣውን የጉልበት ሕመም፣ እንዲሁም የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን የመገጣጠሚያ ሽፋን ሲያጠቃ የሚከሠተውን የእኔን ሕመም በአንድ ከረጢት ይከታል። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። የእኔው ዓይነት በጊዜ ካልታከመ የአጥንቱ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውስጥ ስለሚደርስና ከደረሰም በኋላ ስለማይመለስ፣ በአንድ ቃል ምክንያት የጠፉብኝ እነዚያ ሁለት ዓመታት ዛሬ በጣቶቼ ቅርጽ ላይ ይነበባሉ።

በእነዚያ ዓመታት ሲብስብኝ መርፌ እወጋ ነበር። ስሙን ጠይቄ አላውቅም፤ በማግስቱ እጄ ስለሚፈታልኝ ብቻ ወጊዬን እመርቅ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ከመርፌዎቹ አንዳንዶቹ ስቴሮይድ ነበሩ፤ እብጠትን በፍጥነት ያበርዳሉ፣ ያለ ክትትል ሲደጋገሙ ግን አጥንት ያሳሳሉ፣ ስኳር ያስነሣሉ፣ ፊትንም ያሳብጣሉ። የሰፈሬ ሰዎች «ተስማማሽ፣ ወፈርሽ» ያሉኝ በዚያ ሰሞን ነው።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ላንሣ፤ ከተነሣሁበት ጉዳይ ጋር ይገናኛል። ፓወር ግዕዝ በተባለው የኮምፒውተር የአማርኛ መጻፊያ ለሚጽፍ ሰው ሳድስ ፊደል በአብዛኛው አንድ ምት ይበቃዋል፤ ሌሎቹ ግን ተነባቢው ከተመታ በኋላ አናባቢው ስለሚጨመርባቸው ሁለት ምት ይጠይቃሉ። ጤነኛ ጣት ይህን አይቆጥረውም። የእኔ ጣቶች ማበጥ ሲጀምሩ ግን እያንዳንዱን ምት መቁጠር ጀመርሁ፤ አለቃዬ ሳያውቅብኝም ሳድስ የበዛባቸውን ቃላት እየመረጥሁ ደብዳቤዎቹን አሳጥር ነበር። «ደመወዝ» ሰባት ምት ነው፤ «ጡረታ» ስድስት፤ «ስንብት» ግን አራት ብቻ ነው። የስንብት ደብዳቤዬን የመታችው በቦታዬ የተተካችው ልጅ ነበረች፤ እንደ ሙያ ባልደረባ አንብቤው አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም።

በሕጉ በኩል የተፈጸመብኝን በደል ነው አልልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር የማይበልጥ ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ከመስከረም እስከ የካቲት 2012 ዓ.ም. ይህን ሁሉ ተጠቅሜ ጨረስሁ። የሥራ ስንብት ክፍያም ተሰጠኝ። የጡረታ አበል ግን አልነበረኝም፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ እኔ ስወጣ የተቆጠረልኝ የመዋጮ ዘመን ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላም ነበር፤ በጤና ጉድለት ከሥራ ለሚለይ ሰው የዘለቄታ አበል የሚያስገኘው ደግሞ ቢያንስ የዐሥር ዓመት አገልግሎት ነበር። ስለዚህ በዳረጎት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ተሰናበትሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ሰዓቱን፣ የሥራ መሣሪያውንና የሥራ አካባቢውን ለጉዳተኛው እንዲስማማ የማመቻቸት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ከሁለት ሰዓት ይልቅ አራት ሰዓት ላይ መግባትና የማይከብድ የቁልፍ ሰሌዳ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ውል ስመታ የኖርሁ ሴት ያንን አዋጅ አላወቅሁትም፤ አለቃዬም አላወቀውም፤ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ተለያየን።

ከሥራ በወጣሁ በሳምንቱ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ወዲያውም ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው ክኒን ከኮሮና ያድናል የሚል ወሬ ከባሕር ማዶ መጣና ክኒኑ በዓለም ገበያ እጥረት ገጠመው። ያ ክኒን ለእኔና ሉፐስ ለተባለው፣ የመከላከያ ኃይል የራስን አካል ለሚያጠቃበት ሌላ በሽታ ሕሙማን የዘወትር መድኃኒታችን ነው። ከፒያሳ እስከ ጎፋ ጠይቄ ሳጣው፣ አንዱ ባለ መድኃኒት ቤት በቅንነት «እኅቴ፣ ውጭ አገር ሰው የለሽም?» አለኝ። ነበረኝ፤ የአጎቴ ልጅ በሜሪላንድ ትኖራለች፤ የሚመጣ መንገደኛ ግን አልነበረም። መድኃኒታቸው በሰው ሻንጣ ተይዞ የሚመጣላቸው ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ያን ጊዜ የደረሰባቸውን ማንም የጻፈው ስለሌለ፣ ልጻፈው የሚል ሐሳብ መጀመሪያ የመጣብኝ በዚያው ሰሞን ነው። ሆኖም መጻፍ የጀመርሁት በሌላ ምክንያት ነበር።

በእድራችን ለቅሶ ሲደርስ ሴቶቹ ወጥ ቤት ይገባሉ። እኔ ሽንኩርት መላጥም ድስት ማንሣትም ስላቃተኝ ጥግ ይዤ እቀመጥ ነበር፤ ይህም «ቢሮ ሠርታ ኮራች» የሚል ሐሜት አስከተለብኝ። እየዞርሁ ለእያንዳንዷ ከማስረዳ ብዬ፣ ለስልኬ እየተናገርሁ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጀሁና የእድሩ ጸሐፊ በወርሃዊው ስብሰባ ላይ እንዲያነቡልኝ ለመንኋቸው። ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ጠዋት ለምን እንደሚብስ፣ ካንሰር እንዳልሆነና እንደማይተላለፍ፣ በለቅሶ ቤት ግን እንግዳ መቀበልና መዝገብ መያዝ እንደምችል የሚናገር ነበር። አንብበው ሲጨርሱ ጸጥታ ሆነ። ከስብሰባው በኋላ ሦስት ሴቶች እየተከተሉ ቤቴ መጡ፤ አንደኛዋ ከጉያዋ የመድኃኒት ወረቀት አውጥታ «ይኼ ምን ይላል?» አለችኝ። ሥራዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይኸው ነው። ሰዎች ከሐኪም ይዘውት የወጡትንና ያልገባቸውን ነገር ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ እኔም ሐኪም ስላልሆንሁ ለውጥ አልነግራቸውም፣ ጥያቄያቸውን በግልጽ ቋንቋ ጽፌ ወደ ሐኪማቸው እመልሳቸዋለሁ። ከመካከላቸው የፈቀዱልኝን ታሪክ እየጻፍሁ ለጋዜጣና ለሬዲዮ ሰጥቻለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳዬ የሚያመጣኝ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ለሕክምና የመጡ አንዲት እናት ናቸው። የተገናኘነው በአንድ ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ቀጠሮ ስንጠብቅ ነው። አፋቸው ከውስጥ ቆስሎ ውሃ እንኳ መዋጥ አቅቷቸው ነበር። መድኃኒታቸውን አሳዩኝ፤ ሜቶትሬክሴት ነው፤ በዕቃው ላይ በእስክሪብቶ «1×1»፣ ማለትም አንድ ፍሬ በቀን አንድ ጊዜ፣ ተብሎ ተጽፎበታል። ዘጠኝ ቀን በተከታታይ በየዕለቱ አንድ አንድ ፍሬ ውጠዋል። ቀድመውኝ እንዲገቡ ተራዬን ለቀቅሁላቸው፤ ነጭ የደም ሴላቸው እጅግ ወርዶ ስለተገኘ በዚያው ተኝተው ታከሙ፤ ለዚህ የሚሰጠው ሉኮቮሪን የተባለ መድኃኒት በጊዜው ተገኝቶላቸው ተርፈዋል።

መድኃኒቱን ልወቅስ እንዳልመጣሁ ይታወቅልኝ። ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም በዓለም ዙሪያ ቀድሞ የሚታዘዝ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ ከሌሎቹም ጋር ሲነጻጸር ርካሽ መድኃኒት ነው። ዛሬ ማንኪያ የምይዘው በእርሱ ነው። ነገር ግን ጠባዩ ከለመድናቸው ክኒኖች ሁሉ የተለየ ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ በሳምንት በአንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል። የተለመደው ፍሬ 2.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ 15 ሚሊ ግራም የታዘዘለት ሰው በዚያች ቀን ስድስት ፍሬ መዋጥ አለበት፤ በቀሩት ቀናት ምንም አይወስድም፤ ጉዳቱን የሚቀንሰው ፎሊክ አሲድም ሐኪሙ ባዘዘው ሌላ ቀን ይወሰዳል። በየዕለቱ ከተዋጠ መቅኒ ደም መሥራቱን ሊያቆም ይችላል፤ አፍና አንጀት ይቆስላሉ፤ ሰውም ሊሞት ይችላል። ስሕተቱ የሚመጣው ከሞኝነት አይደለም። ስድስት ክኒን በአንድ ጊዜ መዋጥ የሚያስፈራው ጠንቃቃ ሰው ለስድስት ቀን አከፋፍሎ ይወስደዋል፤ ክኒን ሁሉ «ጠዋትና ማታ» ወይም «በቀን አንድ» ሲባል የኖረ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛም እጁ ሳያስበው «1×1» ይጽፋል።

ሌላው ወጥመድ በገዛ ቋንቋችን ውስጥ ያለ ነው፤ እኔም በድሮ ሙያዬ ዓይን ያየሁት ይህንን ነው። «በሳምንት 6 ፍሬ» እና «ለሳምንት 6 ፍሬ» የሚሉት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። የመጀመሪያው በየሳምንቱ ስድስት ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ስድስቱ ፍሬ ሳምንቱን ሙሉ ያገልግል ማለት ሆኖ ይነበባል። በችኮላ የተጻፈ «በ» እና «ለ» ደግሞ እግራቸው ሁለት ሁለት ስለሆነ በደበዘዘ እስክሪብቶ አይለዩም። በቃል ሲነገርም የባሰ ነው፤ «በሳምንት አንዴ ውሰጂ» የተባለች ሴት ስንት ፍሬ እንደሆነ አልተነገራትም፤ «በሳምንቱ» ከተባለች ደግሞ ከሳምንት በኋላ ጀምሪ የተባለች ሊመስላት ይችላል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም በላቲን ሆሄያት አሳጥሮ ኤም ቲ ኤክስ ብሎ ከጻፈ፣ ስሙን አንብቦ የሚጠይቅ ዘመድ እንኳ አይኖራትም።

በሌሎች አገሮችም ይህ ስሕተት ተደጋግሞ ሰው ስለገደለ፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2019 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን መርምሮ በካርቶኑና በውስጥ ማሸጊያው ላይ በሳምንት አንድ ቀን መሆኑን የሚያሳስብ ምልክት እንዲደረግ፣ ክኒኑ በጠርሙስ መሸጡ ቀርቶ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው በሚቀመጥበት ማሸጊያ (በብሊስተር) እንዲታሸግ፣ ለታማሚውም ካርድ እንዲሰጠው ወስኗል። እኛ ፋብሪካውን ማዘዝ ቢያዳግተን በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ማሳተም አያዳግተንም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶቻችሁ ለመገጣጠሚያም ሆነ ለቆዳ ሕመም የሚታዘዝ ሜቶትሬክሴት ያለ ተለጣፊ መመሪያ ከመስኮት እንዳይወጣ እንዲደነግጉ፣ በተለጣፊውም ላይ ቀኑ በስሙ እንዲጻፍ አመለክታለሁ። «በሳምንት» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ «ቅዳሜ» የሚለው ግን ሌላ ትርጉም የለውም። ቀኑን መምረጥም ለታማሚው ቢተው መልካም ነው፤ ረቡዕና ዓርብን የምትጾም ሴት በባዶ ሆዷ ስድስት ክኒን ውጣ ሲያቅለሸልሻት እንዳትውል፣ እኔ ለራሴ ቅዳሜን መርጫለሁ፤ በረመዳን የሚጾሙ ወዳጆቼም ሰዓቱን ከማፍጠሪያ በኋላ አድርገውታል።

ለናሙና ያህል አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ በእድራችን ሴቶች ፊት አነበብሁት። የመጀመሪያው ረቂቅ «በሳምንት አንዴ ይወሰዳል» ይል ነበር። አንዲት አሮጊት «አንዴ ማለት አንድ ፍሬ ነዋ?» አሉኝ። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ስርዝ ድልዝ የሌለበት ደብዳቤ ስጽፍ የኖርሁት ሴት፣ ራሴም የምውጠውን መድኃኒት ስገልጽ ተሳስቼ ነበር። ከአራት ጊዜ እርማት በኋላ ሁሉም ሳይሳሳቱ መልሰው የነገሩኝ ጽሑፍ የሚከተለው ነው፦

«ይህ ክኒን ከሰባቱ ቀናት በአንዱ ቀን ብቻ ይወሰዳል። የእርስዎ ቀን፦ ________። በዚያ ቀን የሚወስዱት የፍሬ ብዛት፦ ________። በሌሎቹ ስድስት ቀናት ይህን ክኒን አይውሰዱ። አፍዎ ከቆሰለ፣ ካተኮሰዎት ወይም ከደማዎት ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ከመውሰድዎ በፊት ለሐኪም ይንገሩ።»

ከጽሑፉ ሥር ሰባት ሳጥኖች ተሰልፈው አንዱ ብቻ የጠቆረበት ሥዕል አለ፤ ይህም ማንበብ ለማይችል ሰው የተሠራ ነው። ስለ እርግዝና የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር የጨመርሁት ደግሞ መድኃኒቱ ጽንስ እንደሚጎዳ እኔ ራሴ ያወቅሁት መውሰድ ከጀመርሁ ከአራት ወር በኋላ፣ ያውም በአጋጣሚ ስለሆነ ነው። ዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩና ከመቶው 70 ያህሉ ሴቶች እንደሆኑ ስለገለጸ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌሎቹ ያነሰ ቦታ ሊሰጠው አይገባም።

ከዚህም የተነሣ ሁለተኛው ጥያቄዬ ከመጀመሪያው ይወለዳል። መመሪያ ሲረቀቅ አሮጊቷን የመሰለ አንባቢ በጠረጴዛው ዙሪያ ይኑር። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት ውስጥ የተሰባሰቡ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ፊታቸውን ገልጠው በአደባባይ ተናገሩ፤ የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላም ከእነርሱው መካከል የተመረጡ ሰዎች በየጤና ተቋሙ ተቀጥረው አዲስ ታማሚዎች ክኒናቸውን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ አስተማሩ። አንድ ታማሚ ለሌላው የሚነግረው ነገር ሐኪም ከሚነግረው የተለየ ጆሮ እንደሚያገኝ ያኔ ታይቷል። ያ ልምድ ለስኳር፣ ለኩላሊት፣ ለሚጥል በሽታና ለመገጣጠሚያ ሕሙማን ለምን እንዳልተሻገረ አይገባኝም። የመገጣጠሚያ በሽታ ስፔሻሊስቶቻችን እጅግ ጥቂት ስለሆኑና ቀጠሮው ወራት ስለሚርቅ፣ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለውን ረጅም ጊዜ የሚሞላ ሰው የሚያስፈልገው በተለይ ለእኛ ነው።

«ባለሙያው ጊዜ የለውም፤ መስኮቱ ላይ ወረፋ አለ» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ ትክክልም ነው፤ የመድኃኒት ባለሙያዎቻችን በቀን ስንት ሰው እንደሚያስተናግዱ ቆሜ አይቻለሁ። ተለጣፊው የታሰበው የእነርሱን ጊዜ ለመቆጠብም ጭምር ነው፤ ሁለት ባዶ ቦታ መሙላት «1×1» ከመጻፍ እምብዛም አይረዝምም። «ቋንቋው ብዙ ነው» ለሚለውም፣ አማርኛውን ወደ ሌሎቹ ቋንቋዎች መገልበጥ ብቻ መፍትሔ አይሆንም እላለሁ፤ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ትግርኛው እያንዳንዱ የየራሱ «በ» እና «ለ» ይኖረዋልና በየቋንቋው አፋቸውን የፈቱ ሕሙማን ተሰብስበው እንዲያርሙት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚጠሩ ሕሙማንም ለትራንስፖርታቸውና ለድካማቸው ይከፈላቸው። ሥራቸውን በሕመም ያጡ ሰዎች ናቸውና በነጻ አገልግሉን ማለት አይገባም።

ከላይ የሰፈረውን የጽሑፍ ናሙና፣ አራቱን የተሰረዙ ረቂቆች፣ ሴቶቹም በየረቂቁ ላይ የሰጡትን አስተያየት አባሪ አድርጌ በሁለቱም መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ለማብራሪያ ከተጠራሁ እመጣለሁ፤ ቀጠሮው ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እንዲሆንልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የቀድሞ የቢሮ ጸሐፊ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ታማሚ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለእድራችን ጽሕፈት ቤት፣ በመጪው ስብሰባ እንዲነበብ